ቢጫዋ ሳጥን ብትጠፋ ከሩቅ ትገኛለች? የጎጃም ልጆች የተከራከሩበት ረጅም ክር

ክሩን፣ ማለት በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን የጽሑፍ ውይይት፣ የከፈተው አንድ የደጀን ልጅ ነው። በሰፈሩ መንገድ እየተሠራ ነው። ጠጠሩ ተነጥፎ ሮለር ካለፈበት በኋላ አንድ ሠራተኛ ይመጣና ቢጫ ሳጥን መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ከላይ ያለውን ዘንግ ወደ ታች ገፍቶ ራቅ ብሎ ይቆማል። ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፣ ቁጥሯን ያነባል፣ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። ልጁ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ መንገዱ በደንብ መጠቅጠቁን የምትለካ መሣሪያ ናት፣ ውስጧም ራዲዮአክቲቭ፣ ማለት ጨረር የሚረጭ፣ ነገር አለ ተባለ። ታዲያ ይህች ሳጥን ተሰርቃ ቁራሌ እጅ ብትገባ በሳተላይት ወይም በድሮን ትገኛለች ወይ ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ማለፊያ ነበር። ከግርጌው ግን ትላልቆቹ አገሮች ከላይ ሆነው እያንዳንዷን ስለሚያዩ ስጋት አይግባችሁ የሚል ጨመረበት። ጉድ የፈላው በዚህች መስመር ነው።

ክሩን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ሩቡ ያህሉ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ዓባይ በረሃ መንገድ ነው፤ እሱን ልዝለለው።

ምላሽ 1 የጻፈው ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው። ሰላምታው ራሱ አንድ አንቀጽ ይሆናል። ከዚያ በትህትና፣ ሳተላይት መሬት ላይ ያለች ትንሽ የጨረር ምንጭ እንደማያይ አስረዳ። ምክንያቱ አየሩ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ከራሳችን በላይ ያለው አየር በሙሉ ክብደቱ 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውሃ ጋር ይተካከላል። ደብረ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ለውጥ የለውም፤ የአንዲት ሳጥን ጋማ ጨረር፣ እንደ ብርሃን ያለ ግን ዓይን የማያየው ጨረር፣ ያን ሁሉ ሰንጥቆ ጠፈር አይደርስም። አየር በሌለበት ግን ነገሩ እንደሚሠራ አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተላከችው ሉናር ፕሮስፔክተር የምትባል መንኮራኩር ጨረቃን እየዞረች ቶሪየም የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ብረት የት የት እንዳለ በካርታ አውጥታለች። የማርስም አየር ስስ በመሆኑ ማርስ ኦዲሲ ተመሳሳይ ሥራ ሠርታለች።

ምላሽ 2 ይህን አልተቀበለም። ቬላ የሚባሉትን የአሜሪካ ሳተላይቶች አነሳ፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የኒውክሌር ፍንዳታ ይጠብቁ የነበሩት። መምህሩ ምላሽ 4 ላይ ተመልሶ መጣና ቦምብና ሳጥን አንድ እንዳልሆኑ ነገረው። ቬላዎቹ የሚጠብቁት ፍንዳታ ነበር። በ1967 ጋማ ጨረር ሲያገኙ ደግሞ የመጣው ከምድር አልነበረም፣ ከሩቅ ሰማይ ነበር፤ ነገሩ ለሕዝብ የወጣው በ1973 ነው። ምላሽ 2 ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

በመካከል ምላሽ 3 አለ። ይሄኛው ሰላምታ አያውቅም። ከፋች ልጁን ሳያውቅ ሰው እንዳያዘናጋ ገሠጸውና ቀጥታ ወደ ቁጥር ገባ። እኔ ግን ከክሩ ሁሉ የወደድኩት የእሱን ነው። የመንገድ መለኪያዋ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ሲዚየም 137 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ነገር አላት፣ መጠኑም ወደ 300 ሜጋቤክሬል ነው፣ በሰከንድ 300 ሚሊዮን አተም ይፈርሳል ማለት ነው። ምንጩ ከመከለያው ራቁቱን ቢወጣ 1 ሜትር ላይ በሰዓት ወደ 27 ማይክሮሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ይሰጣል። ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጨረሩ 100 እጥፍ ይወርዳል። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ 0.27 ይሆናል። 100 ሜትር ላይ 0.0027። አየሩ ራሱ ከመንገድ ላይ የሚያስቀረው ሳይቆጠር ማለት ነው። መሬቱና ሰማዩ በተፈጥሮ የሚሰጡን ደግሞ 0.1 አካባቢ ነው። በቃ፣ ሳጥኗ ከተፈጥሮው ውስጥ ጠልቃ ጠፋች። ምንጩ ተመልሶ መከለያው ውስጥ ከተቀመጠማ ከዚያም ያነሰ ነው የሚታየው። ድሮን ቢመጣም ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ቦታውን እንደ እርሻ በፈር በፈር እያረሰ ካልሆነ አያገኛትም አለ።

ምላሽ 5 የመንገድ ላብራቶሪ ሰው ነው። በእነሱ ሳይት ጌጅ ነው የሚሏት። ሲዚየሙ ዘንጉ ጫፍ ላይ ነው፣ ዘንጉ ሲሳብ ከመከለያው ውስጥ ይገባል። ሌላም ምንጭ አላት፤ ከቤሪሊየም ጋር የተደባለቀ አሜሪሲየም 241፣ ኒውትሮን የሚሰጥ፣ እርጥበት የሚለካው በእሱ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሳይት ዛሬም በሳንድ ኮን እንደሚሠራ፣ ጉድጓድ ቆፍረህ አሸዋ የምትሞላበት ማለት ነው፣ ስለዚህ ልጁ ያያት ሳጥን ብርቅ እንደሆነች ጨመረ። ከዚያ በፊት የሠራበት ድርጅት ሳጥኗን ማታ ማታ በእህል መጋዘን ያሳድር እንደነበር ሲናገር ሦስት አራት ሰው ተንጫጫ። ድርጅቱን እንዲጠራ ወተወቱት። አልጠራም፣ ደግ አደረገ።

ምላሽ 6 ስለ ስልክ ነው። ካሜራውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ ጨረር የሚቆጥር አፕ እንዳለ፣ እሱም አውርዶ እንደሞከረው ጻፈ። አፑ ውሸት አይደለም። ጋማ የካሜራውን ቺፕ ሲመታ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ግን ቺፑ ትንሽ ስለሆነ ጨረሩ በርታ ካላለ ምንም አይቆጥርም። ምላሽ 7 ይህንኑ ነገረው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ ያስቆጠረው ነጥብ የቺፑ የራሱ ጫጫታ ሊሆን እንደሚችል። ምላሽ 6 ተናደደና ሰው መሞከርን ለምን ይንቃል አለ። ከዚህ በኋላ ጨዋነቱ እየሳሳ ሄደ።

ምላሽ 9 ከፍኖተ ሰላም የሆነች ነርስ ናት። ወሬውን ያስተካከለችው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። አክስቷ በእንቅርት ምክንያት ውጭ አገር ሄደው አዮዲን 131 የሚባል ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ተሰጣቸው። ሲመለሱ አንድ ኤርፖርት ላይ በሩን ሊያልፉ ሲሉ ደወሉ ጮኸ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ደጋግመው እያራገፉ የብር መስቀላቸው ነው ብለው አወለቁት። መስቀሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንኳ ደወሉ አላቆመም። ከዚያ አንዱ በእጁ የሚያዝ መለኪያ ይዞ መጣ፣ ከእግራቸው ጀምሮ ወደ ላይ አመጣው፣ አንገታቸው ጋ ሲደርስ ማሽኑ ላይ የአዮዲኑ ስም ወጣ። የሐኪሙን ደብዳቤ አሳይተው አለፉ። ነርሷ ያነሳችው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ስሙን እንዴት አወቀ?

ምላሽ 10፣ 11 እና 13 ይህን ለመመለስ ተሽቀዳደሙ። የተሻለው 11ኛው ነው። እያንዳንዱ ራዲዮአክቲቭ ነገር የሚረጨው ጋማ የራሱ ቁርጥ ያለ ጉልበት አለው። የአጥቢያው ሰው ደወሉ ሲመታ የየትኛው ደብር እንደሆነ ሳያይ እንደሚያውቀው ማለት ነው። አዮዲን 131 ከሆነ 364 ኪሎኤሌክትሮንቮልት፣ የጉልበቱ መለኪያ ይህ ነው። ሲዚየም 137 ከሆነ 662። ኮባልት 60 ሁለት አለው፣ 1173 እና 1332። አሜሪሲየም 241 ደካማ ነው፣ 60 ገደማ። በሙዝም በድንጋይም በሰውነታችንም ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ደግሞ 1461 ላይ ይቆማል። መለኪያው የጋማውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ጉልበት ከመዘገበ ስሙን ማወቅ ይችላል። ጋይገር ቆጣሪ ይህን አይችልም፤ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ ማን እንደመታው አይነግርህም። ጉልበቱን የሚለየው ክሪስታል ያለው ነው። በብዛት የሚሠራበት ሶዲየም አዮዳይድ ነው፣ ጋማው ሲመታው ብልጭ ይላል፣ ብልጭታው የጋማውን ጉልበት ተከትሎ ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል።

13ኛው ደግሞ ጀርማኒየም የሚባለው ክሪስታል ይበልጣል ብሎ ገባ። የጉልበቱ ግራፍ ላይ ሶዲየም አዮዳይድ 662 ላይ ወደ 45 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ስፋት ያለው ጉብታ ነው የሚሰጥህ፣ ጀርማኒየም ግን ከ2 ያነሰ ስፋት ያለው ቀጭን መርፌ ይሰጥሃል። ችግሩ ጀርማኒየሙ ካልቀዘቀዘ አይሠራም፣ የተለመደው ማቀዝቀዣም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እዚህ ጋ ክሩ ሙሉ በሙሉ ከመስመር ወጣ። አንድ የዳንግላ ሰው ይህ ናይትሮጅን የላም ማዳቀያ ባለሙያው በሞተር ይዞት የሚዞረው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነው። ያው ናይትሮጅን ነው፣ አባላዘሩን የሚያቆየው። ከዚህ በኋላ ስድስት ምላሽ ስለ ፈረንጅ ላም። አንዱ የፎገራ ከብት ከሁሉ ይበልጣል ሲል ሌላው ፎገራ ጎንደር ነው፣ በጎጃም ከብት እንከራከር አለው። አወያዩ ገብቶ እባካችሁ ወደ ጨረሩ ተመለሱ አለ።

ወደ ጨረሩ የመለሳቸው ምላሽ 20 ነው፣ ስለ ቁራሌ። ቁራሌ የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ጥያቄ ወዲህ ተረስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል ውስጥ፣ ጎያኒያ በምትባል ከተማ፣ ከተተወ ሕክምና ቤት ውስጥ የጨረር ሕክምና ማሽን ራስ ወጣ። ብረት ሻጭ ገዛው፣ ፈታው፣ ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ የሲዚየም ዱቄት አገኘ። ለወዳጅ ዘመድ አከፋፈለ። ሰዎች ገላቸውን ቀቡት። 4 ሰው ሞተ፣ 249 ሰው ላይ የሲዚየም ብክለት ተገኘ፣ ከ112,000 በላይ ሰው ተመረመረ። እስከዚህ ድረስ ብዙዎች የሰሙት ነው። ምላሽ 20 ግን ከርቀት ጋር የሚገናኘውን ነገር አመጣ። ከሁለት ሳምንት በላይ ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም። ከዚያ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ዩራኒየም ፍለጋ ላይ የሚሠራበትን መለኪያ ተውሶ ወደ ቦታው ጉዞ ጀመረ። መንገድ ላይ ሲያበራው ቀስቱ እስከ መጨረሻው ተወነጨፈ፣ ወዴትም ቢያዞረው አልመለስ አለ። ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ ወሰደ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሲደርስ እሳት አደጋዎች ዕቃውን ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት ነበር፣ ደርሶ አስቆማቸው።

እዚህ ላይ ምላሽ 3 ተመልሶ መጣና የራሱን ሒሳብ ራሱ አጠናከረው። የጎያኒያው ምንጭ ወደ 51 ቴራቤክሬል፣ ማለት 51 ሚሊዮን ሜጋቤክሬል፣ ነበር። ከመንገዷ ሳጥን ጋር አይወዳደርም፣ ከ150,000 እጥፍ በላይ ነው። ከሩቅ መታየት የሚወሰነው በመለኪያው ብቻ ሳይሆን በምንጩም ነው። እውነቱን ነው።

ምላሽ 22 ተቃራኒውን ምሳሌ ይዞ መጣ፣ ትንሿን። እ.ኤ.አ. በ2023 ጥር ላይ ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ከማዕድን ቦታ ወደ ፐርዝ ስትጓጓዝ አንዲት የሲዚየም ካፕሱል ወደቀች። ቁመቷ 8 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 6። መንገዱ 1,400 ኪሎሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎሜትር መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት። መለኪያ የጫነ መኪና በሰዓት 70 ኪሎሜትር እየሄደ ከመንገዱ ጠርዝ 2 ሜትር ላይ አገኛት። አስተውሉ፣ ከሰማይ አልተገኘችም። መኪናው አጠገቧ ሲያልፍ ነው የጮኸው። ከፋች ልጁ ይህን ካነበበ በኋላ የሳተላይቱን ነገር ተወው፣ ምስጋናም ጻፈ።

ምላሽ 23 የቡሬ ሰው ነው። ቴርሞስ ውስጥ ዩራኒየም አለ ብሎ ሊሸጥለት የመጣ ሰው እንደነበረ አወራ። ሰውየው ቴርሞሱ እንዳይከፈት፣ ከሩቅ እንኳ እንደሚያሳውር እያስፈራራ ቀብድ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የወረደው ስድብ ለሌባው ቢሆንም ገዥውም አላመለጠም። ምላሽ 24 በአጭሩ የተፈጥሮ ዩራኒየም በእጅ ርቀት እንኳ ዓይን የማያጠፋ፣ ማንም መለኪያ ያለው ሰው በደቂቃ የሚያጣራው መሆኑን ጽፎ አለፈ።

ምላሽ 25 ላይ ሙቀቱ ጨመረ። መምህሩ አልፋ ጨረር፣ ከጋማ ሌላ የሆነው የጨረር ዓይነት፣ አየር ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ሄዶ ስለሚቆም አልፋ ብቻ የሚሰጥ ነገር ከሩቅ ፈጽሞ አይታወቅም ብሎ ነበር። አንድ በቅጽል ስም የሚጽፍ ሰው፣ የማያውቁትን ፈጽሞ አይበሉ አለው። ለአስተማሪ እንዲህ አይባልም ብለው ሦስት ሰዎች ተነሱበት፣ እኔም ቃሉ ከረረ ብዬ ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። አልፋው ይቆማል፣ የመታው ናይትሮጅን ግን ዓይን በማያየው አልትራቫዮሌት ይበራል። በጨለማ፣ ለዚያ በተሠራ ካሜራ፣ ከሜትሮች ርቀት ይታያል። ሌላም መንገድ አለ። ጨረር ያለፈበት አየር ውስጥ ልቅ ኤሌክትሮኖች ይቀራሉ። የአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንፍራሬድ ሌዘር አተኩረው እነዚያን ኤሌክትሮኖች በማብዛት የአልፋ ምንጭ መኖሩን ከ1 ሜትር አሳይተዋል፣ ኋላም ወደ 10 ሜትር አድርሰውታል። መምህሩ ለእርማቱ አመሰገነ። ነገር ግን ሌዘሩ ምንጭ አለ ይላል እንጂ ስሙን አይጠራም፣ ስም የሚጠራው አሁንም ጋማው ነው አለ። በትህትና የተወረወረ ድንጋይ ነበር።

ከምላሽ 26 እስከ 28 ያለው የጂኦሎጂ ባለሙያ ለብቻው የተናገረበት ነው፣ ማንም አላቋረጠውም። በአውሮፕላን ጨረር መለካት የቆየ ሥራ ነው። አውሮፕላኑ ትልልቅ ክሪስታል ጭኖ ከመሬት 100 ሜትር ገደማ ላይ ይበርራል፣ የፖታሲየም፣ የዩራኒየምና የቶሪየም ካርታ ይሠራል። የሚያየው ግን ሰፊ መሬት ነው፣ አንዲት ጠብታ ምንጭ አይደለም። የጎጃም ደጋ አብዛኛው ባዛልት ነው፣ ባዛልት ደግሞ ከግራናይት ያነሰ ጨረር አለው። ስለዚህ እኛ ጋ ከመሬቱ የሚመጣው ዝቅ ይላል፣ ከሰማይ የሚመጣው በከፍታው ምክንያት ከፍ ይላል። መለኪያ ይዘህ ከዓባይ በረሃ ወደ ጮቄ ብትወጣ ሰማዩ ድርሻውን ሲጨምር ታያለህ።

ከሁሉ የገረመኝ የዝናቡ ነገር ነው። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ መለኪያው ይነሳል። ማንም ምንም አልጣለም። ከአፈር የሚወጣው ራዶን የሚባል ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ሲፈርስ አየር ላይ የሚተዋቸውን ልጆቹን ዝናቡ ጠርጎ መሬት ላይ ያወርዳቸዋል። ዋናዎቹ ሁለቱ ግማሽ ዕድሜያቸው (ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ) 27 እና 20 ደቂቃ ስለሆነ ዝናቡ ካቆመ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ነገሩ ይረጋል። ያን ጊዜ ሲዚየም የሚፈልግ ሰው ግራ ይጋባል፤ ከእነሱ አንዱ፣ ቢስሙት 214፣ 609 ላይ ይጮኻል፣ ለ662 ቅርብ ነው። የሶዲየም አዮዳይዱ ሰፊ ጉብታ ሁለቱን ሊያደባልቃቸው ይችላል፣ ጀርማኒየሙ ግን ይለያቸዋል። የናይትሮጅኑ ጣጣ ለምን እንደሚቻል የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ምላሽ 29 ንፋስ ከሁሉ መለኪያ ይበልጣል የሚል ነው። የሶቪየቱ የኒውክሌር ማመንጫ ቼርኖቤል እ.ኤ.አ. በ1986 ሲፈነዳ ሶቪየቶች ዝም ብለው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ 1,100 ኪሎሜትር ርቃ ባለች የስዊድን ፎርስማርክ የኒውክሌር ጣቢያ የአንድ ሠራተኛ ጫማ መቆጣጠሪያውን አስጮኸው። መጀመሪያ ከራሳቸው ጣቢያ የወጣ መስሏቸው ነበር። ጨረሩ አልተጓዘም፣ ዕቃው ራሱ በንፋስ ተጓዘ። እንደኔ የክሩ ሁሉ መልስ እዚህ ነው፦ ወይ መለኪያው ወደ ዕቃው ይሄዳል፣ ወይ ዕቃው ወደ መለኪያው ይመጣል።

ምላሽ 30 ነርሷ ናት። እንዲህ ያለ ዕቃ የወደቀ ያየ ሰው ምን ያድርግ ብላ ጠየቀች፣ መልሱንም ራሷ አከለች። አይነካም፣ አይነሳም። ቢያንስ 30 ሜትር ይራቃል፣ ሰው እንዳይቀርብ ይደረጋል፣ ለፖሊስ ይነገራል። የጨረራ ጉዳይ አሁን የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥራ መሆኑንም ጠቆመች። ይህን ምላሽ የወደደው ሰው ከላሙ ክርክር ያነሰ ነው፤ ምን ይደረጋል።

መጨረሻ ላይ፣ ምላሽ 31፣ የባሕር ዳር ሰው ሌባው ዕቃውን ጣና ውስጥ ቢጥለውስ ብሎ መጣ። መምህሩ መለሰለት። ጨረር በማስቀረት ውሃ ከአየር ጋር አይወዳደርም። የሲዚየምን ጋማ 8 ሴንቲሜትር ውሃ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ጉልበቱ ሳይነካ የሚያልፈው ከ5,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጣና ደግሞ በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ነው። ከጀልባ ላይ ሆኖ መፈለግ ከንቱ ነው። ውሃ የማያስገባ መለኪያ በገመድ ወርዶ ወለሉን እየታከከ መጎተት አለበት፤ የባሕር ወለል ሲጠና የሚደረገውም ይኸው ነው። ምላሽ 33 በታንኳ ይጎተታል ወይ ብሎ ቀለደበት። መምህሩ ግን ቀልዱን አልያዘም። ታንኳ ቀስ ስለሚል እንዲያውም ጥሩ ነው፣ መለኪያው ለመቁጠር ጊዜ ይፈልጋል አለ።